የነቀዝ ክኒንና የሐምሌ ዝናብ

የሐምሌ ሰማይ ጎብዬ ላይ እስከ ቀትር ጠራ ብሎ ይቆያል። ከሰዓት በኋላ ግን ከምዕራብ፣ ከላስታ ደጋ በኩል ደመናው እየተንከባለለ ይወርድና ቆላውን ያለብሰዋል። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ከተሰለፉት የቆርቆሮ ቤቶች በአንዱ፣ ዝናቡ ጣሪያውን መደብደብ በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የቤቱ እመቤት ከምጣዷ ቀና ብላ፣ «ነጭ ሽንኩርት የላጠው ማነው?» ስትል ጠየቀች።

ማንም አልላጠም። በዚያን ቀን በቤቱ ውስጥ አንዲት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት አልነበረችም።

ሽታው የሚመጣው ከጓዳ ነው። ማሽላ የሞሉ ማዳበሪያዎች ከተደረደሩበት ግድግዳ በላይ፣ ከማገሩ ሥር፣ በፌስታል የተጠቀለሉ ሦስት ክኒኖች ተወሽቀዋል። ባለቤቷ በቀደም ነቀዝ ሲያስቸግረው ከገበያ በፍሬ ገዝቶ፣ ግማሹን ተጠቅሞ፣ የተረፈውን ለሌላ ጊዜ ብሎ ያስቀመጣቸው ናቸው። አሁን ምስማሩ በላላበት የቆርቆሮ ቀዳዳ የገባው ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ፌስታሉ ላይ ያርፋል።

ሴትዮዋ ልታነሣው እጇን ስትዘረጋ፣ በር ላይ ዝናብ ያስጠለላቸው የጎረቤት ሽማግሌ ሽታው ደርሷቸው ኖሮ ጮኹ።

«ተይው ልጄ! ልጆቹን ይዘሽ ውጪ። በሩን ክፍት ተይው።»

«አያ፣ ማሽላው ይረጥባል እኮ።»

«ይርጠብ። እሱ ነገ ይታያል።»

ሁሉም ተያይዘው የሽማግሌው ቤት በረንዳ ላይ ተጠልለው አመሹ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ቤቱ በደንብ ነፍሶ ሲገባ፣ ፌስታሉ ውስጥ የቀረው አመድ የመሰለ ግራጫ ዱቄት ብቻ ነበር። ማንም አልተጎዳም። ሽማግሌው ግን በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ደጋግመው ያነሡት ሌላ ነገር ነበር፤ ይህ የሆነው ሌሊት ቢሆንስ? ሁሉም ተኝተው፣ በሩ ተዘግቶ ቢሆንስ?

## ውሃን የሚጠብቅ መርዝ

ገበሬው «የነቀዝ ክኒን» የሚለው፣ አንዳንዱም በአንደኛው የንግድ ስሙ «ፎስቶክሲን» የሚለው መድኃኒት በኬሚስቶች ዘንድ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። ክኒኑ ደረቅ እንደሆነ በታሸገ ጣሳ ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል። የሚሠራው ውሃ ሲያገኝ ነው። ውሃው ደግሞ የግድ ከጣሪያ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም፤ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት፣ በእህሉ ውስጥ የቀረው ርጥበት ይበቃዋል። ያን ጊዜ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። አንዱ ክኒን ሦስት ግራም ይመዝናል፤ ከእሱም አንድ ግራም ያህል ጋዝ ይወጣል።

ጋዙ በእህሉ መካከል ሰርጎ ነቀዙን፣ እጩን፣ በፍሬው ውስጥ የተደበቀውን እንቁላል ሳይቀር ይገድላል። ሥራውን ሲጨርስ በንፋስ ይወጣል፤ እህሉ ላይ የሚቀረው ያ ግራጫ ዱቄት ነው። ለትልልቅ መጋዘኖች ተስማሚ የሆነውም ለዚህ ነው። መጋዘኑ ወይም ክምሩ በሸራ አየር እንዳያስወጣ ተደርጎ ይታሸጋል፣ የሰለጠነ ሰው ይሠራበታል፣ ለቀናት ማንም አይገባበትም፣ ከዚያ ይናፈሳል።

የጎብዬ ቤት ግን መጋዘን አይደለም። እህሉ ያለበት ጓዳና ልጆቹ የሚተኙበት መደብ የሚለያዩት በአንድ መጋረጃ ወይም ጣሪያ በማይደርስ ግድግዳ ነው። ጋዙ ከአየር ጥቂት ከበድ ስለሚል ወደ ታች፣ ወደሚተኛበት ቦታ ያዘነብላል። የሽታው ነገርም ማታለያ አለበት። ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የሚመስለው ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው ከጋዙ ጋር ከተደባለቁ ሌሎች ነገሮች ነው፤ እነሱ ከሌሉ ወይም አፍንጫ ከለመደው ጋዙ ኖሮ ሽታው ላይኖር ይችላል።

በጋዙ የተነካ ሰው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይደክመዋል፣ ደረቱን ጭምቅ ያደርገዋል። ቆላ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው የሚያስበው ወባን ነው። ጎብዬ ባለችበት በራያ ቆላ ለረጅም ዘመን ስትመላለስ የኖረች በሽታ ስለሆነች፣ ማንም ጓዳውን ዞሮ ማየት አይመጣለትም። ጤና ጣቢያ የደረሰ ሰው «ቤታችን የነቀዝ ክኒን ነበር» ብሎ ቢናገር ለሐኪሙ ግማሽ መንገድ አሳጠረለት ማለት ነው።

> ባሩድ ሲረጥብ ይሞታል። የነቀዝ ክኒን ሲረጥብ ይነቃል።

## የሚሞት፣ የሚደድር፣ የሚነቃ

የራያ ሰው ነገርን ደረቅ አድርጎ መጠበቅ አዲሱ አይደለም። አባቶቹ ከሁሉ አስቀድመው ከእርጥበት የሚጠብቁት ባሩድን ነበር። የድሮው ባሩድ ናይትሬት፣ ከሰልና ድኝ የተቀላቀለበት ዱቄት ነው። ውሃ ከገባበት አይነድም፤ በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ የያዘ ወታደር ዝናብ ከያዘው በእጁ ያለው ብረት ዱላ ሆነ ማለት ነው። በዚሁ በወሎ ምድር፣ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሥር አሮጌ ሜዳ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲገጥም በአንደኛው ወገን በአፈሙዝ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች፣ በሌላኛው ወገን ደግሞ ባሩዱ በቀለህ ውስጥ የታሸገ ጥይት የሚጎርሱ አዳዲስ ጠመንጃዎች ነበሩ። እነዚያ ጠመንጃዎች ኋላ ላይ በአማርኛ «ሰናድር» ተብለው ቀሩ። የቀለህ ጥቅም ብዙ ቢሆንም፣ አንዱና ትልቁ ባሩድን ከእርጥበት መለየቱ ነው።

እንግዲህ በዚህ ልማድ ያደገ ሰው እርጥበትን የሚያውቀው እንደ ሌባ ነው፤ የነበረውን ይወስድበታል። ከባሩድ ኃይሉን፣ ከእህል ጣዕሙን። ኃይል የሚሰጥ እርጥበት ግን አያውቅም። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ክኒኑ ሲረጥብ «ተበላሸ» ብሎ ይንቀዋል፤ ለልጆች መጫወቻ ይተወዋል፣ ወይም ሽንት ቤት ጉድጓድ ይጥለዋል። በዚያች ሰዓት ግን ክኒኑ ከመቼውም በላይ እየሠራ ነው።

በሁለቱ መካከል የሚገኘው ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ነው። ዩሪያ አይፈነዳም፣ ጋዝም አይለቅም፤ ግን እርጥብ አየር ሲያገኝ ውሃውን ወደ ራሱ ይስባል፣ ይቀልጣል፣ ሲደርቅ መልሶ ይደድራል። በሐምሌ የተከፈተ ከረጢት በነሐሴ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር የመጋዘን ሠራተኛ የነገረን፣ በየዓመቱ ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ የተደረደረው ከረጢት ቀድሞ እንደሚደድር ነው። ግድግዳው ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ አየሩ እዚያ ያልበዋል። «ከግድግዳ አንድ ክንድ አርቀን በርብራብ ላይ ስንደረድረው ቀረ» አለ።

እግረ መንገድ፣ አማርኛችን እዚህ ላይ አንድ ነገር መዝግቧል። ዛሬ ገበሬው እህል የሚከትበትን የፕላስቲክ ከረጢት «ማዳበሪያ» ይለዋል። ከረጢቱ መጀመሪያ ወደ ቤቱ የገባው ማዳበሪያ ተሞልቶ ስለሆነ የይዘቱ ስም ለዕቃው ቀረ። ስሙ አይጎዳም። ልማዱ ግን ይጎዳል፤ የጸረ ተባይ ዕቃ ታጥቦ እህል ይከተትበታል፣ ፈሳሽ የተባይ መድኃኒት ደግሞ በባዶ ሃይላንድ ተቀድቶ ይሸጣል። ልጅ ሃይላንድ ሲያይ የሚያስበው ውሃን ነው።

ሲረጥቡ በመንቃት ከነቀዝ ክኒን ጋር የሚመደቡ ሌሎችም አሉ። በየከተማው ብየዳ ቤት የሚገኘው ካርባይድ ውሃ ሲነካው አሴቲሊን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ይለቃል፤ በያጁ ሥራውን የሚሠራውም በዚሁ ነው። ርችት ውስጥ ያለው የአሉሚኒየምና የማግኒዚየም ዱቄት ሲረጥብ ሃይድሮጅን እየለቀቀ ሊግል ይችላል፤ የረጠበ ርችት «አይሠራም» ተብሎ ቤት ውስጥ የማይከመረው ለዚህ ነው።

## ከቤይሩት የመጣው ድምፅ

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ወሎ ውስጥ ብዙ ስልኮች ጮኹ። የቤይሩት ወደብ ፈንድቷል። በሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን እህቶች መካከል የወሎ ልጆች ብዙ ናቸውና፣ የብዙ ሰው ጆሮ እዚያው ነበር።

የፈነዳው ለማዳበሪያም የሚውለው አሞኒየም ናይትሬት ነው፤ 2,750 ቶን። ከአንዲት ችግር ከገጠማት መርከብ ተራግፎ መጋዘን ቁጥር 12 ውስጥ ስድስት ዓመት ያህል ተቀመጠ። በዚያው መጋዘን ርችት አብሮ ይቀመጥ እንደነበር ብዙ ዘገባዎች ጽፈዋል። ከፍንዳታው በኋላ በአገራችንም ገበሬው ቤቱ ያስቀመጠውን የማዳበሪያ ከረጢት በፍርሃት ቢያየው አይገርምም። እዚህ ላይ መልሱ ግልጽ ነው፤ ዩሪያ አሞኒየም ናይትሬት አይደለም። የቤይሩት ነገር ለጎብዬ የሚነግረው ስለ ማዳበሪያ ሳይሆን፣ ባለቤት ስለሌለው ክምችት ነው። ማን እንዳስቀመጠው፣ መቼ እንደሚወጣ፣ ከምን ጋር እንደተቀመጠ ማንም የማይጠይቀው ዕቃ አንድ ቀን ራሱ ይናገራል።

ኢትዮጵያም ይህን በራሷ መንገድ አይታዋለች። ለአንበጣና ለተምች መከላከያ ተብለው ለዓመታት የገቡ፣ ብዙዎቹም በዕርዳታ የመጡ ጸረ ተባዮች በየወረዳው መጋዘን ጊዜያቸው አልፎ፣ በርሜላቸው ዝጎ፣ መሬት ላይ እየፈሰሱ ቀርተው ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ በተካሄደ ዘመቻ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ የሚሆነው ተሰብስቦ ለመቃጠል እስከ ፊንላንድ ድረስ በመርከብ ተላከ። ለአንበጣ የመጣ መድኃኒት ሰሜን አውሮፓ ሄዶ ተቃጠለ። መግዣው ሳይሆን ማስወገጃው ነው ያስቸገረው።

በመስከረምና በጥቅምት 2013 ዓ.ም. አንበጣው ራያ ቆቦ ላይ ሲወርድ፣ ጤፉና ማሽላው ለአጨዳ ደርሶ ነበር። ሰው በጅራፍ፣ በጩኸት፣ በቆርቆሮ ሲያባርር፣ አውሮፕላንና በጀርባ የሚታዘል መርጫ ተጨመረበት። ያን ጊዜ መድኃኒቱ የሰው ተስፋ ነበር፣ ተገቢም ነበር። አንድ የወረዳ ግብርና ባለሙያ እንዳሉት ግን፣ «መርጨቱን ሁሉም ያስታውሳል፤ የተረፈውን መቁጠር ማንም አያስታውስም»።

## በፍሬ የሚሸጥ

በሕጉ በኩል የተሠራ ሥራ አለ። የጸረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ጸረ ተባይ እንዳይሸጥ፣ ሻጩም ፈቃድ እንዲኖረው አዟል። ገበያው ላይ ግን ጣሳው ተከፍቶ ክኒኑ በፍሬ ይሸጣል፤ ከጨውና ከክብሪት አጠገብ፣ በጋዜጣ ወይም በፌስታል ተጠቅልሎ።

ለምን? አንድ ወጣት ሻጭ መልሱን አላመነታም። «ገበሬው ሙሉ ጣሳ ምን ያደርግለታል? አምስት ኩንታል ላለው ሰው ጣሳ ግዛ ብለው ይስቅብኛል።» እውነቱን ነው፤ ጣሳው የተሠራው ለመጋዘን እንጂ ለጓዳ አይደለም። ግን ክኒኑ ከጣሳው በወጣበት ቅጽበት ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል። በኪስ ውስጥ ላብ አለ፣ በፌስታል ውስጥ እርጥብ አየር አለ። የጣሳው ማስጠንቀቂያም ከጣሳው ጋር ሱቅ ቀርቷል።

> ክኒኑ ከጣሳው ሲወጣ ማስጠንቀቂያው ሱቅ ይቀራል።

ይህን መድኃኒት የግድ የሚያስቀምጥ ሰው ሊያውቀው የሚገባው ብዙ አይደለም፤ ግን እያንዳንዱ ይመዝናል። ቦታው ከሚተኛበትና ከሚበላበት ቤት የተለየ፣ የሚቆለፍ፣ ነፋስ የሚያገኝ፣ ጣሪያው የማያፈስ ይሁን። ከመሬት ከፍ ብሎ በራሱ ጣሳ ይቀመጥ፤ ወደ ሌላ ዕቃ አይገለበጥ። ጣሳው የሚከፈተው ውጭ፣ ፊትን አዙሮ ነው፤ በውስጡ ጋዝ ተጠራቅሞ ከሆነ ሲከፈት እሳት ብልጭ ሊል ይችላል። የተረፈ ክኒንም ሆነ ዱቄቱ በአንድ ላይ አይከመር፣ ውሃ ውስጥም አይጨመር። እሳት ከተነሣ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚሮጥለት ባልዲ ውሃ እዚህ ጠላት ነው፤ የሚያጠፋው ደረቅ አሸዋ ነው።

ይህችን የመጨረሻዋን ለጎብዬ ሴቶች ስንነግር አንዷ ጭንቅላቷን ያዘች። «እሳት በውሃ እንዳታጠፉ ብሎ ነገር! ማን አምኖ ይሰማል?» እንዲህ ያለው ነገር ተቀባይነት የሚያገኘው በጽሑፍ ሳይሆን፣ ባለሙያው ቀበሌ መጥቶ በዓይን ሲያሳይ ነው። ለአምስትና ለስድስት ቤተሰብ አንድ የሰለጠነ ሰው በአንድ ላይ ከቤት ውጭ በሸራ ሸፍኖ ቢያጨስላቸው፣ ጣሳውም ሳይገማመስ ያልቅ ነበር፣ ለማገር ሥርም የሚተርፍ ነገር አይኖርም ነበር።

## የጨው ብርጭቆ

ከሁሉ የሚያስቆጨው፣ ክኒኑ የሚጠራው በአብዛኛው እህሉ ሳይደርቅ በመግባቱ ነው። ነቀዝ እርጥብ እህል ይወዳል፤ ሻጋታም እንዲሁ። ነቀዝ በገባበት እህል ውስጥ ደግሞ ትንፋሹ ተጨማሪ ሙቀትና እርጥበት ይፈጥራል፣ ክምሩ ይግላል።

የድሮ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ጎተራው በጭቃና በእበት የሚለሰነው፣ ከመሬት በእግር ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። ድብኝቱ ከምድጃው አጠገብ የሚቆመው ጢሱና ሙቀቱ እንዲደርሰው ነው። በማሽላ ቆላዎች፣ በተለይ በሐረርጌ፣ እህል በጉድጓድ ሲከተት አፉ በጭቃ ይደፈናል፤ ሲከፈትም ሰው ወዲያው አይወርድም። ጉድጓዱ ውስጥ የታፈነው አየር ሰው እንደሚገድል ከትምህርት ቤት በፊት የታወቀ ነገር ነው። በማይታይ ጋዝ ማመን ለዚህ ሕዝብ አዲስ አይደለም ማለት ነው። ጉድጓድ ሲከፈት የሚደረገው ጥንቃቄ ለክኒኑም ቢደረግ ኖሮ፣ የብዙ ቤት ጉዳት በቀረ ነበር።

ዛሬ ያንኑ የጉድጓዱን ብልሃት በከረጢት የሚሠራ ዕቃ አለ። ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ነው፤ ሁለቱ የውስጥ ፕላስቲኮች አየር አያስገቡም፣ ሦስተኛው የታወቀው ማዳበሪያ ነው። ነቀዙ ውስጥ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና ይሞታል። መድኃኒት አይጨመርበትም። ሐሳቡ የተጀመረው የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለካሜሩን ገበሬዎች የጥራጥሬ ማስቀመጫ ሲፈልጉ ነው።

ፐርዱ ለጎብዬ በሌላ በኩልም ቅርብ ነው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ጊዜ የሠሩት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ በማፍለቃቸው በፈረንጆቹ 2009 የዓለም ምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ገበሬ ከተለቀቁት አቀንጭራ የሚቋቋሙ ዝርያዎች አንዱ ስሙ ከዚች ከተማ ጋር አንድ ነው፤ «ጎብዬ»። ማሳ ላይ ከአቀንጭራ የተረፈ ማሽላ ጓዳ ውስጥ በነቀዝ ማለቁ ያሳዝናል።

ፒክስም ቢሆን ግን እርጥብ እህል አይወድም። ታሽጎ ይሻግታል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ተመልሶ ወደ አውድማው ይመጣል።

ታኅሣሥ ላይ ያችን የነጭ ሽንኩርት ሽታ ያገኘችውን ሴት አውድማ ላይ አገኘናት። እጇ ላይ ባዶ የማርማላታ ብርጭቆ ይዛለች። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ ያሳየቻትን ነው የምትሠራው። ብርጭቆው መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ደርቋል። ምጣድ ላይ ሞቆ የደረቀ ጨው አንድ ማንኪያ ጨመረች፣ ከተወቃው ማሽላ እፍኝ አከለችበት፣ ክዳኑን አጥብቃ ለደቂቃ ያህል ነቀነቀችው። ከዚያ ጥላ ሥር አስቀምጣ ሩብ ሰዓት ጠበቀች። ጨው ውሃ መሳብ ይወዳል፤ እህሉ እርጥበት ካለው ጨው ያንን ጠጥቶ ከብርጭቆው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከደረቀ ደግሞ ከታች ይሰፍራል።

ባለቤቷ ከረጢቶቹን አፋቸውን ከፍቶ ቆሟል። ማሽላውን በጥርሱ ነክሶ «ቀጭ ብሏል፣ ይበቃዋል» ብሎ ነበር።

ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሣችው። ከሥሩ እስከ አንገቱ ነጭ ነጥብ ነጥብ ሆኗል።

«አየህ?» አለችው። «ሁለት ቀን ጨምርለት።»

ባለቤቷ ብርጭቆውን ተቀብሎ ራሱ አዟዙሮ አየው። ከዚያ ምንም ሳይል የሸራውን ጫፍ ያዘ፤ እሷም በሌላው በኩል ያዘች፣ ማሽላውን ዘርግተው በስሱ አሰጡት። ትንሿ ልጃቸው ዶሮ እንድትጠብቅ አርጩሜ ተሰጥቷት ከሸራው ዳር ተቀመጠች።